ቅባቱ፣ ፓተንቱና የአባባ ምስክሮች

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ሞጣ

አልተለያየም! ከክረምት መግቢያ ጀምሮ መስኮት ላይ የተቀመጠው ብልቃጥ፣ ፀሐይም ብርድም ሲፈራረቅበት የከረመው፣ ዛሬም አልተለያየም። ዘይቱ ዘይት፣ ውሃው ውሃ ሆኖ አልወጣም። ሻጋታ የሚባል የለም። በጣቴ ዛቅ አድርጌ ክንዴን ቀባሁት፤ ልክ የተሠራ ዕለት እንደነበረው ነው። መድኃኒት ቤቴን እንደከፈትኩ ብቻዬን እልል አልኩ። ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ፣ ሰም የሚያቀርቡልኝ፣ በበሩ ብቅ ብለው «ምን ተገኘ? ባል መጣ እንዴ?» አሉኝ።

«ከባል የሚበልጥ!» አልኳቸው።

«እሱማ ብዙ ነገር ይበልጣል» ብለው ሄዱ።

ነገ የቅባቱን የፓተንት ማመልከቻ መጻፍ ስለምጀምር እጄን ላፍታታ። ዝሆኔ የያዘው እግር ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ቁስል ይገባል። ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ጫማ ከተደረገበት ሰው ተኝቶ ያድራል፣ ሥራውንም ይሠራል። ቫዝሊን ሙቀት ሲነካው ይፈሳል። ከውጭ የሚመጣው ጥሩው ቅባት ለእኛ ሰው የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ስንት ጊዜዬን በሰም፣ በኑግ ዘይት፣ በግሊሰሪንና በተልባ ዝልግልግ ስታገል ኖርኩ። ሰሙንና ውሃውን አስታርቆ የሚይዘው ተልባው ነው። ተልባውን ያስገባችው ታላቅ እህቴ እታገኝ ናት። ቢቸና ከአባባ ጋር ትኖራለች፤ ዝሆኔውም የእሷ ነው። ፀጉሯን በተልባ እየቀባች «ይሄ ፀጉሬን ካለሰለሰ እግሬ ምን በደለ?» አለችኝ አንድ ቀን። ሳቅኩባት። ማታውኑ ሞከርኩት።

አሁን ችግሩ የእጄ ማነስ ነው። በቤቴ ድስት የምሠራው ለእታገኝና ለጥቂት ሰው ብቻ ይዳረሳል። ሌላው መጥቶ «ለእኔስ?» ሲለኝ አንገቴን እደፋለሁ። ባሕር ዳር የሳሙና ፋብሪካ ያላቸው አቶ ደመላሽ ናሙናውን አይተው ወደውታል። ግን «ፓተንት ካለሽ ማሽን አስገባለሁ፤ ከሌለሽ ግን እኔ ስለፋ ነገ ሌላው ገልብጦ በርካሽ ይሸጥብኛል። ለእግዜር ብዬ ማሽን አልገዛም» አሉ። ተናደድኩ። ግን እውነታቸውን ነው። ገዢው ድሃ የሆነ መድኃኒት ማን ይሠራል? ማንም አልሠራውም እኮ፤ ለዚያ ነው ድስት ይዤ የቆምኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ሞጣ

ስልክ ከሰሎሞን። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን፤ አሁን አዲስ አበባ የፓተንት ማመልከቻ እያዘጋጀ ይኖራል። «ሰውነትሽን ሽጪ እንጂ አሠራሩን ለማንም እንዳትናገሪ! ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው። አንዴ አደባባይ ከወጣ አዲስ አይደለም። ካስገባሽ በኋላ ጣራ ላይ ወጥተሽ ጩኺ» አለኝ። ባለጌ ነው። ግን ሥራውን ያውቃል።

ማመልከቻው መያዝ ያለበት፦ ምን እንደሆነ። ምኑ አዲስ እንደሆነ። ሌላ ባለሙያ አንብቦ መሥራት እንዲችል ተደርጎ እንዴት እንደሚሠራ። ይቺ የመጨረሻዋ ገረመችኝ። ለካ ፓተንት ምስጢር መደበቂያ አይደለም። ምስጢርህን ለሕዝብ ትሰጣለህ፣ ሕዝቡ በፋንታው ለተወሰነ ዘመን አንተ ብቻ እንድትሸጠው ይፈቅድልሃል። ውል ነው።

ስጽፍ አንዲት እናት መጣች። ልጇ የታዘዘለት መድኃኒት አንድ ድርጅት ብቻ የሚሠራው ነው፤ ዋጋውን ስነግራት ወረቀቱን አጣጥፋ ወጣች። እዚህ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ይሄን ፓተንት የሚሉትን ስንቴ ረግሜዋለሁ! አሁን ደግሞ እኔው ለምኜ ላወጣው። አፈርኩ። ከዚያ የእታገኝ እግር ትዝ አለኝና ብዕሬን አነሳሁ። ማፈሩን ሌላ ቀን አፍራለሁ።

አማርኛዬ ግን እንዴት ነው እንዲህ የሚጠፋብኝ? «ቅልቅሉ ተቀላቅሎ ይቀላቀላል» ብዬ ጽፌ አገኘሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ቢቸና

በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ መጣሁ። ዓርብ ሚካኤል ነው፤ በዓሉን እዚህ አሳልፌ ከዚሁ በደጀን በኩል ሰኞ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ።

አባባ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ግቢው ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አባቴ የኔታ ጥበቡ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከእሳቸው የተሻለ የአማርኛ አራሚ ከየት አመጣለሁ? «አባባ፣ ይቺን ጽሑፍ ያርሙልኝ» አልኩና አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «'ይቀላቀላል' አትበይ፤ 'ይዋሐዳል' በይ። 'በቀጭኑ ይጨመራል' ምን ማለት ነው? 'ቀጠን ተደርጎ ይንቆረቆራል' በይው።» አንድ ጊዜ ብቻ አነበብኩላቸው፤ እርማቱን ሲነግሩኝ ግን ወረቀቱን ሳያዩ ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ወጡት። ለእሳቸው ይሄ ብርቅ አይደለም።

«ምን ሊሆንሽ ነው ይሄ?» አሉኝ።

ፓተንትን ለአባባ ማስረዳት! በሚያውቁት ልንገራቸው ብዬ «እንደ ቅኔ ነው አባባ። መጀመሪያ የተናገረው ሰው ባለቤት ይሆናል፤ ሌላው የእኔ ነው ሊል አይችልም» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ደግ! ደግ ሕግ ነው! ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም። በየትኛው ጉባኤ ነው የምትናገሪው?»

«ጉባኤ የለም። ለመሥሪያ ቤት በወረቀት አስገባለሁ።»

ፊታቸው ጠቆረ። በተማሪነታቸው ለበዓል ያዘጋጁትን ቅኔ ለጓደኛቸው በጆሮው ነግረውት፣ ያ ጓደኛቸው ቀድሟቸው ማኅሌት ላይ እንደተቀኘው አወሩኝ። ሕዝቡ እሱን አመሰገነ። እሳቸው «የእኔ ነው» ቢሉ ምስክር ከየት ይመጣል? «ነገር የባለቤቱ የሚሆነው በአደባባይ ሲነገር ነው ልጄ። በጓዳ የተነገረ ለሌባ ነው» አሉኝ።

መንገዱ አድክሞኝ ነበር። «እሺ አባባ» ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ ቢቸና

የእታገኝን እግር አየሁ። አጠብኩላት፣ አደረቅኩላት፣ ቀባሁላት። ስንጥቁ ተዘግቷል። ሽታው የለም። እብጠቱ አልጠፋም፤ ቅባት እብጠት አያጠፋም፣ ይሄንን ለማንም አልዋሽም። ግን የገዛሁላትን ሰፊ ጫማ አደረገችው። ግቢውን ዞራ መጣችና «ይመኙ፣ ነገ ሚካኤል እሄዳለሁ» አለችኝ።

ሰው አፍንጫውን ስለያዘባት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከተወች ቆይታለች። ከአጥር ውጭ ቆማ ተሳልማ ትመለስ ነበር፤ በኋላ እሱንም ተወችው። የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቅኩ «ሂጂ፣ ማን ይከለክልሻል» አልኳት።

አባባ እየመጡ ይጠይቁኛል። «መሥሪያ ቤቱ ስንት ሰው ይሰማል?» «አንድ ጸሐፊ ይበቃል አባባ።» «አንድ!» እያሉ ይሄዳሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፤ ሚካኤል

በንዴት ነው የምጽፈው።

እታገኝ ሄደች። ሴቶቹ መሐል ቆመች። ማንም አፍንጫውን አልያዘም። እስከዚያ ድረስ ከሕይወቴ ቀን ሁሉ የሚበልጥ ቀን ነበር።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ዐውደ ምሕረቱ ሥር ተቀምጦ ሳለ አባባ ተነሡ። ቅኔ ሊሉ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ። «ልጄ ይመኙሻል የዝሆኔ እግር የሚያለሰልስ ቅባት አወጣች። ነገ ሌላ ሰው የእኔ ነው ቢል ምስክር ሁኑ!» አሉ። ከዚያ ጀመሩ። ሰም ይህን ያህል። የኑግ ዘይት ይህን ያህል። ግሊሰሪን ይህን ያህል። ተልባው ይዘፈዘፋል፣ ይጠልላል፣ ቀጠን ተደርጎ ይንቆረቆራል። ከላይ እስከ ታች! አንዲት ቃል ሳይስቱ! በዜማ ሊሉት ምንም አልቀራቸውም። ተማሪዎቻቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተላሉ። ግማሹ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። «አባባ! አባባ ይተዉ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ሴቶቹ በደስታ የጮኽኩ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት።

ቤት ስንገባ «ምን አደረጉኝ አባባ? ምን አደረጉኝ!» አልኳቸው። ያን ያህል ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም።

«አስመሰከርኩልሽ» አሉኝ። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ነበር። ከዚያ የእኔን ፊት አዩ።

ካፍ የወጣ አፋፍ። አለቀ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ቢቸና

ከአባባ ጋር አልተነጋገርንም።

ኔትወርክ ሲመጣ ሰሎሞንን አገኘሁት። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ «ወይኔ» አለ። «ባለቤቱ ራሱ ቀድሞ ለተናገረው ሕጋችን ለተወሰነ ጊዜ ይታገሣል። ግን የተናገሩት አባትሽ ናቸው፣ አንቺ አይደለሽም። መከራከር ይቻላል፤ ደመላሽ ግን ክርክር አይገዛም» አለኝ።

አልገዙም። ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ወጥቶ ደርሷቸዋል። «አገር ያወቀውን ምን ብዬ ልግዛ የኔ እህት?» አሉኝ። የኔ እህት! ትናንትና «ዶክተር» ነበርኩ እኮ።

ገበያው ላይ ተልባ ጠፋ አሉ። ሱቆቹ ግሊሰሪን ጨርሰዋል። በየቤቱ ሰም ይቀልጣል፤ ሽታው ከግቢያችን ድረስ ይመጣል።

እታገኝ ምሳ አቅርባልኝ «ብትናደጂም ብዪ። ሽማግሌው ከትናንት ጀምሮ አልበሉም» አለችኝ። በላሁ። ለእሳቸውም እንድትወስድላቸው ነገርኳት።

እሁድ፣ ኅዳር 14፤ ቢቸና

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ አለበለዚያ ነገ አላምነውም።

ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ድስትና ማሰሮ ይዘው ግቢያችንን ሞሉት። ተለያይቷል። የሁሉም ተለያይቷል! ሰሙ ከላይ ጓጉሏል፣ ውሃው ከታች ቀርቷል። አንዷ እናት የግሊሰሪኑን ውሃ ብቻውን ቁስሏ ላይ አፍስሳው ስታለቅስ አድራለች። ቶሎ አጠብኩላት። ስንጥቅ ላይ እንዲያ ሲገባ ያቃጥላል።

«የኔታ እንዳሉት ነው ያደረግነው! አንዲት ሳናጎድል!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ልኬታቸውን አየሁ፣ ልክ ነው። ሰማቸው ንጹሕ ነው። ማማሰሉን ከእኔ ይልቅ ይችሉበታል። ታዲያ ምን ሆነ?

አንደኛዋ ያጠለለችውን ተልባ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ምንም አይሸትም። ትኩስ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ተዘፍዝፎ ወዲያው የጠለለ።

የእኔ ይኮመጥጣል!

የእኔ ተልባ ሁልጊዜ ይኮመጥጣል። ጠዋት ዘፍዝፌው መድኃኒት ቤት እሄዳለሁ፤ ማታ ስመለስ ኮምጥጦ ይጠብቀኛል። ጊዜ ስለሌለኝ ነው እንጂ አስቤበት አይደለም። እንዲያውም ሽታው እያሳፈረኝ መስኮት እከፍት ነበር። ማንም የመድኃኒት ባለሙያ ተበላሸ ብሎ ይደፋዋል። ለካ ሰሙን የሚይዘው መኮምጠጡ ነው! የማይሻግተውም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም። ማመልከቻው ላይ አልጻፍኩትም። «ጠዋት ዘፍዝፈሽ ሥራ ሂጂ» ብዬ ልጽፍ ኖሯል?

አፌን ልከፍት ነበር። ከዚያ ገባኝ። አባባ የተናገሩት አይሠራም። የሚሠራው አልተነገረም፤ አሁንም አዲስ ነው።

አፌን ዘጋሁ።

«እስክመለስ ድረስ እንዳትቀቡት። አደራ። እግራችሁን በሳሙናና በውሃ ብቻ ታጠቡ» አልኳቸው። አንዷ እታገኝን፣ ጫማዋን፣ ከዚያ እኔን አየችና «ለእህቷ እውነተኛውን፣ ለእኛ ውሃውን» አለች። ሌላዋ ደግሞ «የኔታ ናቸው የዋሹን» አለች።

ይቺኛዋን አባባ ሰሙ። የኔታ ጥበቡ ዋሹ ሲባል ሰምተው አያውቁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ቀሩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፤ ቢቸና

ጾሙ ገባ።

ሰሎሞን ዛሬ ስልኩ ላይ ጮኸ። «የማይሠራ ነገር ነው የተነገረው? ሰው ሞክሮት ተለያይቷል? ምስክር አለ? እልል በይ! ድስቶቹን ሁሉ ፎቶ አንሺ! ጽሑፉን አስተካክለሽ ራስሽ ይዘሽው ነይ። እስከዚያ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ለአባትሽም!»

«በተለይ ለአባቴ» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ አባባ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዓርብ ወዲህ እንዲህ ቀርበን አልተቀመጥንም። ስለ ፓተንቱ በደንብ አስረዳኋቸው፤ በቅኔ ሳይሆን በቁሙ። ለምን ከማስገባቴ በፊት መነገር እንደሌለበት። ያ ወረቀት ከሌለ ለምን ማሽን እንደማይመጣ። ሰሙኝ። «ስለዚህ እንዳትሰረቂ ብዬ ሰረቅኩሽ» አሉ። አለቀስኩ። እሳቸውም።

ከዚያ «ጎድሎ ነበር አይደል የነገርኩት?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«የጎደለውን ታውቂዋለሽ?»

«አዎ።»

ተጠግተው ጆሮዬ ሥር «አትንገሪኝ» አሉኝ። «አፌን አላምነውም። ስትመለሺ ከሕዝቡ ጋር እሰማዋለሁ። እስከዚያ ዋሾ ይበሉኝ፣ ምን እሆናለሁ።»

ምን እንደሚሆኑ ግን አውቃለሁ። ዛሬ ከተማሪዎቻቸው ሁለቱ አልመጡም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፤ ደጀን

መንገድ ተዘግቷል። ለምን እንደተዘጋ ማንም በትክክል አያውቅም፤ ሁሉም ግን የራሱን ይናገራል። ከባድ መኪናው እስከ ዳገቱ ተሰልፏል። አልጋ ያዝኩ። ሽሮ በላሁ። ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

የሚያስፈራኝ፦ ከሴቶቹ አንዷ ዘፍዝፋ ረስታው ገበያ ብትሄድ። ማታ ስትመለስ ኮምጥጦ ብታገኘው። ብትሞክረው። ቢሠራላት! ደስ ብሏት ለጎረቤት ትናገራለች። ሌላው የሚያስፈራኝ፦ ያቺ ያቃጠላት ሴት ምክሬን ሳትሰማ ደግማ ብትቀባው። የትኛው ይበልጥ እንደሚያስፈራኝ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱ ሁለተኛው ሆነ፤ ደስ አለኝ። ገና ሰው ነኝ ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17፤ ደጀን

አሁንም ዝግ። አቶ ደመላሽ ደወሉ። ሰሎሞን አነጋግሯቸዋል መሰለኝ ድምፃቸው ለስልሷል፤ እንደገና ዶክተር ሆኛለሁ። «ማመልከቻው ከገባ አብረን እንሠራለን። አንድ ነገር ብቻ፤ እነዚያ ሴቶች እቤታቸው እንዳይሠሩ ማስቆም አለብሽ። ገበያዬን ይወስዱብኛል።»

«ገበያዎ ማነው?» አልኳቸው። «ለራሷ እግር በራሷ ድስት የምትሠራ ሴት መቼም ገዢዎ ሆና አታውቅም። እርስዎ ለሱቅ፣ ለሆስፒታል፣ ለሌላ አገር ይሽጡ፤ ከእርስዎ ሌላ ነጋዴ እንዳይሸጥ ወረቀቱ ያስከብርልዎታል። ለሽያጭ ሳይሆን ለራሷ የምትሠራዋን ግን አልነካም። ሕጉም አይነካትም ብሎኛል ሰሎሞን። ውሉ ላይ ይጻፍልኝ።»

«ላስብበት» አሉ።

«ያስቡበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ማሽኑን በገዛ እጄ ሸኘሁት ይሆን? ይሁን። ያቺን ሴት ከስሼ አልጠቅማትም።

ከሰዓት መንገዱ ተከፈተ! ሰው መኪናው ላይ ተንጠላጠለ። ዓባይን ስንሻገር ሹፌራችን ረዳቱን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲለው ሰማሁ። ስለ እኔ የተናገረ መስሎኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አደረግኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፤ አዲስ አበባ

ገባ።

ተቀባዩዋ አገላብጣ አየችው፣ ቁጥር ሰጠችው፣ ቀን መታችበት። «ምርመራው ጊዜ ይወስዳል። ይፈቀዳል ማለት አይደለም» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኩ። «የሚጨመረው ተልባ እስኪኮመጥጥ መቆየት አለበት» የሚለውን ቆማ አነበበችና አፍንጫዋን ጨመደደች። ይሄ ፊት እኔን አስደሰተኝ፤ ማንም አላሰበውም ማለት ነው።

ሰሎሞን ከደጅ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። «አሁን ጣራ ላይ ውጪ» አለኝ።

ወዲያው ለእታገኝ ደወልኩ። «ቅዳሜ ማታ ብዙ ተልባ ዘፍዝፊ። እኔ ሳላየው እንዳትነኪው።»

«ይሸትብኛል እኮ!» አለች።

«ይሽተት!»

እሁድ፣ ኅዳር 21፤ ጽዮን፤ ቢቸና

ትናንት ከሰዓት ደረስኩ። ያቃጠላት ሴት እግር ደህና ነው፤ መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ቤት ነው።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዐውደ ምሕረቱ ሥር ተቀምጦ አባባ ተነሡ። አንዳንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። በዚህች ሳምንት ውስጥ እንዴት እንደከሱ ያየሁት ያኔ ነው። «በሚካኤል ዕለት የነገርኳችሁ የሰማሁትን ነው» አሉ። «ያልሰማሁት ነበረበት። ሳልጠየቅ የሰው ነገር የተናገርኩ እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ። ባለቤቷ መጥታለች።» ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱና ሣሩ ላይ፣ ከተማሪዎቻቸው መሐል፣ እንደ ተማሪ ተቀመጡ። ወንበር ቢያመጡላቸው እምቢ አሉ።

እታገኝ በጫማዋ እየተራመደች ማሰሮውን አመጣችልኝ። «መጀመሪያ አሽትቱት» አልኩና አዞርኩት። ሴቶቹ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ተበላሽቷል እኮ!» «አልተበላሸም። የጎደለው ይሄ ነው።» ሰሙን አቀለጥኩ፣ ዘይቱን ጨመርኩ፣ ተልባውን ከግሊሰሪኑ ጋር ቀጠን አድርጌ አንቆረቆርኩ፣ እታገኝ አማሰለች። ነጣ። ጠበቀ። ያለፈው እሁዷ ሴት፣ «ለእኛ ውሃውን» ያለችው፣ በጣቷ ነክታ መዳፏ ላይ ገለበጠችው። አልፈሰሰም። እታገኝን አቀፈቻት።

አባባ እጃቸውን አወጡ። «አንድ ነገር ልጠይቅ? እስከ መቼ ነው የሚዘፈዘፈው?»

«ጠዋት ዘፍዝፋችሁ ሥራ ሂዱ፤ ማታ ስትመለሱ ደርሷል» አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ። አባባ ግን እንደ ተማሪ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ለራሳቸው ደገሙት።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እጄ በተልባ ተለውሷል፣ አላነሳሁትም። በኋላ ሳየው አቶ ደመላሽ ናቸው፤ መልእክት ትተዋል፦ «ውሉን ልከሽ አሳዪኝ።» እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ማሽኑ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ፓተንቱም ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም። የየቤቱ ድስት ነገ ማታ ይታያል።

ስንመለስ መንገድ ላይ «አባባ፣ ዛሬ ጽዮን ሆኖ ቅኔ ሳይሉ ቀሩ» አልኳቸው። ተማሪዎቻቸው ሁሉ ከኋላችን ይከተላሉ፤ የቀሩት ሁለቱም ተመልሰዋል።

«ከዚህ በፊት ያልተባለ ነገር ዛሬ ተብሏል» አሉኝ። «ይበቃል።»